በግምት የሚነሣ ራጅ ይብቃ!

በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስለ ራጅ ምስልና ስለ መሣሪያ አቅጣጫ ክትትል የቀረበ አስተያየት



ከመካከላችን ሕክምና የሚያጠኑ አሉ፤ ኢንጂነሪንግ የሚያጠኑ አሉ፤ ፊዚክስና ኮምፒዩተር የሚያጠኑም አሉ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጥ የሚገባው ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱ ወገን የሌላው ሥራ ነው ብሎ የተወው ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ የተሰበረ አጥንት በቀዶ ሕክምና ሲጠገን ሐኪሙ ከሥጋ በታች ያለውን በምን ያያል? ያየውንስ ከእጁ እንቅስቃሴ ጋር እንዴት ያገናኘዋል?

አቋሜን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለው ዋናው ችግር የራጁ ምስል መደብዘዝ አይደለም። ዋናው ችግር የራጁ መሣሪያ የት እንደቆመና ወዴት እንደሚያይ በትክክል አለመታወቁ፣ በዚህም የተነሣ ሥራው በግምትና በድግግሞሽ መካሄዱ ነው። ስለሆነም ማሻሻያው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ይህንንም ውድ ዕቃ እስኪገዛ ሳንጠብቅ ልንጀምረው እንችላለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ችግሩ ምንድን ነው?

ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን በቩርዝቡርግ ከተማ ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ይህን ጨረር እስካገኘ ድረስ፣ በየትም አገር ቢሆን በሥጋ የተሸፈነ ስብራት የሚታወቀው በእጅ ዳሰሳ ነበር። በአገራችን ወጌሻ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው። ራጅ ለሐኪሙ አዲስ ዓይን ሰጠው። ይሁን እንጂ ይህ ዓይን ለብዙ ጊዜ በይበልጥ ያገለገለው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ነበር። ሥራው እየተካሄደ ሳለ ምስሉን በመስኮት እንደማየት የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ በስፋት መግባት የጀመረው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ይኸውም ዛሬ ሲ-አርም የምንለው፣ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፈ ክንድ ያለው፣ በአንዱ ጫፍ ጨረር የሚያመነጭ ቱቦ፣ በሌላው ጫፍ ምስል የሚቀበል አካል የተገጠመለት መሣሪያ ነው።

ሌላው ትልቅ እርምጃ የተወሰደው እዚያው ጀርመን ውስጥ ነበር። ጌርሃርድ ኩንትሸር የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1939 በኪል ከተማ በተሰበረ የጭን አጥንት መቅኔ ውስጥ ረጅም የብረት ዘንግ አስገብቶ አጥንቱን ከውስጥ ደገፈው። ቀደም ሲል እግሩ በክብደት እየተጎተተ ለወራት አልጋ ላይ ይተኛ የነበረው ሕመምተኛ ቶሎ ተነሥቶ ለመሄድ በቃ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ዘንጉ እንዳይሽከረከርና አጥንቱ እንዳያጥር ከላይና ከታች አጥንትን ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን ማሰር እየተለመደ ሄደ።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የላይኛውን ብሎን ማስገባት አያስቸግርም፤ ከዘንጉ ጫፍ ጋር የሚገጠም መሪ ብረት መሰርሰሪያውን ቀጥ አድርጎ ወደ ቀዳዳው ይወስደዋል። የታችኛው ግን የተለየ ነው። የጭን አጥንት በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ዘንጉ ሲገባ ይታጠፋል፤ የታችኛው ቀዳዳ በሚሊ ሜትሮች ከቦታው ይሸሻል፤ ከላይ የተያያዘው መሪም ይስታል። ስለዚህ በብዙ ሆስፒታል ቀዳዳው የሚፈለገው በራጅ ነው። ጨረሩ ቀዳዳውን ቀጥ ብሎ ሲያልፍበት በምስሉ ላይ ፍጹም ክብ ሆኖ ይታያል፤ ትንሽ ከተዛነፈ እንቁላል ይመስላል።

እንግዲህ የሚሆነውን ተመልከቱ። ሐኪሙ «ትንሽ ወደ ራስ» ይላል። የራጅ ባለሙያው መሣሪያውን ይገፋል። ራጅ ይነሣል፤ እንቁላል ነው። «አይ፣ በዛ፤ መልሰው» ይላል። እንደገና ራጅ፤ አሁንም እንቁላል ነው፤ ግን በሌላ በኩል። «ማዞር እንጂ መግፋት አላልኩም!» ይላል። ደግሞ ራጅ። እንዲህ እየተባለ ክቡ ሲገኝ፣ መሰርሰሪያው ቀዳዳው መሐል ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ሌላ ራጅ፣ ሲዛነፍ ለማረም ሌላ ራጅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ከአንድ ደቂቃ በፊት ምን ላይ ቆሞ እንደነበር የሚያስታውስበት ነገር ከሌለው ወደ ቀድሞው ቦታ መመለስ እንኳ ራሱን የቻለ ፍለጋ ይሆናል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የራጅ ምስል ጥላ ነው፤ ጥልቀት የለውም። ዳሌው አጠገብ የተሰበረን የጭን አጥንት በትልቅ ብሎን ለመጠገን የብሎኑ ጫፍ በአጥንቱ ራስ መሐል መቀመጥ አለበት፤ ከፊት ሲታይ መሐል የመሰለው ግን ከጎን ሲታይ ጠርዝ ላይ ሊሆን ይችላል። በ1995 ባውምጋርትነርና ባልደረቦቹ ባወጡት የታወቀ ጥናት፣ በሁለቱ ምስሎች ላይ ከብሎኑ ጫፍ እስከ አጥንቱ ራስ አናት ያለው ርቀት ተደምሮ ከ25 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ፣ ብሎኑ አጥንቱን በስቶ የመውጣቱ አደጋ እንደሚጨምር ታይቷል። የአጥንቱ መዞር ደግሞ ከዚህም ይብስ የሚያታልል ነው። በምስሉ ላይ ቀጥ ብሎ የተገጠመ የሚመስል አጥንት በራሱ ዙሪያ ዞሮ ሊሆን ይችላል። መዛነፉ ከ15 ዲግሪ ሲበልጥ አብዛኞቹ ሐኪሞች እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። ሕመምተኛው ግን ዲግሪውን ሳይሆን እግሩ ወደ ውጭ ተጣሞ መቅረቱን ነው የሚያውቀው።

ለ. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በመጀመሪያ ሕመምተኛው ነው። እያንዳንዱ ያልተሳካ ምስል በማደንዘዣ ሥር የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል፤ ጨረሩንም ይጨምርበታል። በሁለተኛ ደረጃ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ስማቸው ብዙም የማይነሣው ሠራተኞች ናቸው፦ የራጅ ባለሙያው፣ ዕቃ አቀባይዋ ነርስ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ እግር ይዞ የሚቆመው ተማሪ ሐኪም። ሕመምተኛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ለዚህ ይጋለጣል። እነርሱ ግን ዕለት ዕለት ይጋለጣሉ።

ጨረር እንደማይታይና እንደማያቃጥል ስለሚቆጠር ብዙ ሰው ይንቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጁን ከጨረሩ ፊት ደጋግሞ ሲያቀርብ ኖሮ፣ እጆቹን እስከ ማስቆረጥ ከደረሰ በኋላ በ1904 ሞተ። የዛሬው መጠን ከዚያ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ትምህርቱ አላረጀም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኞች ያስቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ሲሆን፣ ለዓይን ሌንስ የነበረውንም ወሰን በ2011 ወደዚሁ ወደ 20 ዝቅ አድርጎታል። ዝቅ ያደረገውም የዓይን ሞራ ቀድሞ ከተገመተው ባነሰ መጠን ሊመጣ እንደሚችል ስለተረዳ ነው።

ሐ. ዓለም ምን ዘዴ አገኘ?

ዘዴዎቹ በሥራ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። አራቱን ልጥቀስ።

አንደኛው የኢንፍራሬድ ካሜራ ነው። ብርሃን መላሽ ትናንሽ ኳሶች በአጥንቱና በመሣሪያው ላይ ይታሰራሉ፤ ካሜራው ያሉበትን ቦታ እየተከታተለ በኮምፒዩተሩ ምስል ላይ ያሳያል። ትክክለኛነቱ የተመሰከረ ነው። ሆኖም በካሜራውና በኳሶቹ መካከል አንድ ሰው ከቆመ ያያል የተባለው ይታወራል፤ ኳሶቹን ለመትከልም አጥንቱ ላይ ተጨማሪ ችካል መምታት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የኤሌክትሮማግኔት መስክ ነው። ስሚዝ ኤንድ ኔፊው የተባለው ኩባንያ ሹርሾት ብሎ ያወጣው መሣሪያ ዘንጉ ውስጥ በሚገባ አነስተኛ ሴንሰር አማካይነት የታችኛውን ቀዳዳ ያለ ራጅ ያሳያል። ደካማ ጎኑ በአካባቢው ያለ ብረት መስኩን ሊያዛባው መቻሉ ነው።

ሦስተኛው፣ እኔን ይበልጥ የማረከኝ፣ በሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናሲር ናቫብና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። ሲ-አርሙ ላይ ተራ የቪዲዮ ካሜራ በመስተዋት አድርገው አቀናጁ፤ ካሜራው ከራጁ ምንጭ ላይ ሆኖ እንደሚያይ ያህል ሆነ። ከዚያም የራጁን ምስል በቪዲዮው ላይ ደረቡት። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ቆዳና ከሥሩ ያለውን አጥንት በአንድ መስኮት ያያል፤ መሣሪያው ትክክለኛ ቦታ ላይ መሆኑንም ጨረር ከመልቀቁ በፊት ያውቃል።

አራተኛው ሮቦት ነው። በዚሁ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በሃይፋ ቴክኒዮን ከተደረገ ምርምር የተነሣውና በ2001 የተቋቋመው ማዞር የተባለው ድርጅት፣ ለጀርባ አጥንት ብሎን አቅጣጫ የሚይዝ አነስተኛ ሮቦት ሠራ። በ2018 ሜድትሮኒክ የተባለው ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው። ከዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የተነሣ አሳብ የት ድረስ እንደሚደርስ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

መ. ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ከጓደኞቻችን አፍ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

የመጀመሪያው «መፍትሔው ሮቦቱንና የክትትል መሣሪያውን ገዝቶ አገር ቤት ማስገባት ነው» የሚለው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ዋጋው ግን የመጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚጣል ዕቃ ይገዛለታል፤ ፕሮግራሙ ይታደሳል፤ ሲበላሽ ባለሙያ ከውጭ ይመጣለታል። መብራት በሚቋረጥበት፣ መለዋወጫ በጉምሩክ በሚውል በሚያድርበት ሁኔታ፣ ትልቁ መሣሪያ ጥቂት ወር ሠርቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ሲቆም ምን ያህሎቻችን አይተናል? በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተባለ ይመስላል።

ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ጄሶና ጓንት በሚያጥርበት ቦታ ስለ ምስል ክትትል ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ሕዝባዊ መስሎ ስለሚታይ ይበልጥ አሳሳች ነው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ የክትትል ጉድለት የሚጎዳው በይበልጥ ድሃውን ነው። ቀኑን ሙሉ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ፣ ሸክም የሚሸከም፣ ገደል ወጥቶ የሚያርስ ሰው እግሩ ተጣሞ ከቀረ መተዳደሪያው አብሮ ይሰበራል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለማግኘትም አቅም የለውም። ስለዚህ ለእርሱ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና መሳካት ቅንጦት ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚጋሩት አንድ ስሕተት አለ። ክትትል ማለት የሚገዛ ዕቃ ነው ብለው ያምናሉ። ክትትል ግን በመጀመሪያ ደረጃ አሠራር ነው፤ ዕቃው የሚመጣው ከአሠራሩ በኋላ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። በ1999 በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ በሪችላንድ ከተማ ዶክተር ልዊስ ዘርክል ያቋቋሙት ሳይን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ሲ-አርም በሌለበት ሊታሰር የሚችል ወጥ ዘንግ ሠራ። ሐኪሙ በረጅም መሪ ክንድ እየተመራ አጥንቱን ይሰረስራል፤ ከዚያም ቀዳዳውን በቀጭን መፈለጊያ ብረት ዳስሶ ያገኘዋል። ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱ በእጅ ይታወቃል። የወጌሻ ጥበብ በኢንጂነር እጅ ታድሶ እንደማለት ነው! በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህ ዘንግ ለብዙ ሕመምተኞች አገልግሏል። ሐኪሞቹ የሠሩትን ሥራ ከራጁ ምስል ጋር ለድርጅቱ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ በምትኩ ለወደፊት ሕመምተኞች ዘንግ ይላክላቸዋል። ድርጅቱ የትልቅ ሆስፒታልን መሣሪያ አሳንሶ አልቀዳም። ጥያቄውን ራሱን «ያለ ራጅ ቀዳዳውን እንዴት ላግኝ?» ብሎ እንደገና ጠየቀ እንጂ።

ይህ ማለት ራጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የዳሌና የጀርባ አጥንት ስብራት ያለ ምስል የሚደፈር አይደለም፤ ሲ-አርምም በአገራችን ትልልቅ ሆስፒታሎች ገብቷል። ስለዚህ ጥያቄው ያለውን እንዴት በአግባቡ እንጠቀም የሚለው ነው።

ሠ. ምን ይደረግ?

1ኛ/ ገንዘብ የማይጠይቀውን አሁኑኑ እንያዝ። ጨረሩን ያለማቋረጥ ከመልቀቅ ይልቅ በቁርጥራጭ መልቀቅ፤ የመጨረሻውን ምስል በመስኮቱ ላይ አቁሞ መመልከት፤ የጨረሩን ስፋት በሚፈለገው ቦታ ልክ ማጥበብ፤ ቱቦውን ከጠረጴዛው በታች፣ ምስል ተቀባዩን ከላይ ማድረግ፤ የእርሳስ ሽርጥና የአንገት መከላከያ መልበስ። ከሁሉም በላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መራቅ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ጨረታም አይጠይቅም። መሣሪያው የቆመበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ እንኳ ክትትል ነው።

2ኛ/ የጋራ ቋንቋ እንፍጠር። በ2013 በካናዳ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞችና የራጅ ባለሙያዎች ለአንዱና ለዚያው የሲ-አርም እንቅስቃሴ የሚጠቀሙበት ቃል የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል ነው። ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። መግፋት፣ መሳብ፣ ከፍ ማድረግ፣ ዝቅ ማድረግ፣ ወደ ራስ፣ ወደ እግር፣ ማዘንበል፣ ማሽከርከር፦ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቃላት ይበቃሉ። ማኅበራችን ከሕክምናና ከራጅ ተማሪዎች የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ አቋቁሞ እነዚህን ቃላት ከሥዕል ጋር በአንድ ገጽ ቢያዘጋጅ፣ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ቢያወጣው፣ በየቀዶ ሕክምናው ክፍል ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ ነው።

3ኛ/ ርካሽ ክትትልን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ እናድርገው። በካናዳ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ሲ-አርም ላይ የማዘንበል ሴንሰር በመለጠፍ የክንዱን አቅጣጫ መለካት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሴንሰር በእያንዳንዳችን ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ስሪ ዲ ስላይሰር የተባለው የሕክምና ምስል ፕሮግራምም ያለ ክፍያ፣ ውስጡ ክፍት ሆኖ ይገኛል። «ክንዱን 12 ዲግሪ ወደ ራስ አዘንብለው፤ ቀድሞ የነበረው እዚያ ነው» ብሎ ለራጅ ባለሙያው የሚነግር ቀላል መሣሪያ ለመሥራት ታዲያ የሚጎድለን ምንድን ነው? ላቦራቶሪው አለን፤ አስተማሪዎቹ አሉን፤ የጎደለው ጥያቄውን የራስ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ተራ ሴንሰር ይስታል፤ ስሕተቱ ሳይለካ በሕመምተኛ ላይ የሚሞከር ነገር ወንጀል እንጂ ሳይንስ አይደለም። ሙከራው የሚጀመረው በፕላስቲክ አጥንትና ከሥጋ ቤት በተገዛ የበሬ ጭን ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለ። የማዘንበል ሴንሰር አቅጣጫን እንጂ ቦታን እንደማይነግርም መዘንጋት የለበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

4ኛ/ ጥገናን እናክብር። ከመካከላችን ሮቦት ልሥራ የሚል ብዙ ነው፤ የሲ-አርም ገመድና ሰሌዳ ልጠግን የሚል ግን ጥቂት ነው። በጅማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አሉ። እኛ በውጭ ያለነው የጥገና መመሪያ፣ የመለዋወጫ ዕውቀትና የልምድ ልውውጥ ልናደርስላቸው እንችላለን። የቆመ መሣሪያ ምስሉ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን አያሳይም።

ረ. መደምደሚያ

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን አንብበው «ከሮቦት ዘመን ወደ ፕላስተር ምልክት ትመልሰናለህ ወይ?» ይሉ ይሆናል። መልሴ አይደለም ነው። ፕላስተሩም፣ የቃላት ሰሌዳውም፣ የስልኩ ሴንሰርም፣ ሮቦቱም የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ዓይኑ የት ቆሟል? እጁስ ወዴት እየሄደ ነው? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ደረጃ መመለስ የለመደ ቡድን ነገ የተሻለ መሣሪያ ቢያገኝ ይጠቀምበታል። ያልለመደ ግን ሮቦቱንም በግምት ያንቀሳቅሰዋል።

ስለዚህ በሚመጣው የማኅበራችን ስብሰባ ሁለት ውሳኔ እንዲያልፍ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው የቃላቱን ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ሁለተኛው የሕክምናና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ አብረው እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እስቲ እኛም ከመሰርሰሪያውና ከሴንሰሩ እንጀምር። የምትስማሙም የምትቃወሙም አስተያየታችሁን ለሚቀጥለው እትም ላኩ። ዝም ብላችሁ ግን አትለፉት።